የሰንበሌጥ ወረዳ ተሟጋች

አቤቱታችን ተመልሶ የመጣው ሰኔ 26 ቀን 2091 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። የተመለሰበት ምክንያት በአንድ መስመር ተጽፏል፦ «ተቃራኒ ቃል የለም።»

እኔ የሰንበሌጥ ወረዳ ምክር ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ የውብዳር አራጌ እባላለሁ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ሃያ ስድስቱን ቃለ ጉባኤ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ጸሐፊ ልሁን እንጂ የተመረጥኩ አባል ነኝ፤ እንደ ሌሎቹ ሃያ ሰዎች አንድ ድምፅ አለኝ። እጄን አወጣለሁ፣ አወርዳለሁ፣ እጽፋለሁ። በስብሰባ ላይ ተናግሬ ግን አላውቅም። ጸሐፊ ከተናገረ ማን ሊጽፍ ነው?

«የውቤ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?» አሉኝ አፈ ጉባኤያችን አቶ ይመር። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀስ ብለው የሚያነቡ፣ ሲቆጡ ታይተው የማያውቁ ሰው ናቸው።

«የተቃወመ ሰው አልነበረም ማለት ነው፣ አያ ይመር።»

«ታዲያ የተቃወመ ከሌለ መልካም አይደል?»

«ለእኛ መልካም ነው። ለፓርላማው ግን አይደለም።»

አቤቱታውን የወሰንነው ሰኔ 20 ነበር። ሃያ አንዳችንም እጅ አወጣን፣ አጨበጨብን፣ እኔም «በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» ብዬ ጻፍኩ። እጄ ለምዶታላ! በሃያ ስድስት ዓመት ከዚህ ሌላ ጽፌ አላውቅም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በጀት በሙሉ ድምፅ፣ ሹመት በሙሉ ድምፅ፣ ሽረት በሙሉ ድምፅ። አንድ ጊዜ እንዲያውም በዋዜማው የሞተ አባል ሳናውቅ ቆጥረን በሙሉ ድምፅ አጽድቀናል፤ ነፍሱን ይማረውና ሞቶም አልተቃወመም።

ሕጉን ላስረዳ፤ ረጅም አይደለም። ከአገሪቱ ወረዳዎች አንድ ሦስተኛው፣ ማለትም ሦስት መቶ አርባ ስምንቱ፣ ፕሬዚዳንቱ ከሥልጣን እንዲነሱ በየምክር ቤታቸው ወስነው አቤቱታ ካስገቡ፣ ፓርላማው ወደደም ጠላም ክሱን መስማት አለበት። በየምክር ቤቱ ከሦስት ሁለት እጅ ድምፅ ያስፈልጋል፤ እኛ ዘንድ አሥራ አራት ሰው ማለት ነው። እስከዚህ ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው የሚከተለውን ነው። በእናቶቻችን ዘመን አንድ ፕሬዚዳንት በአራት መቶ አቤቱታ ወድቀው ነበር፤ አራት መቶውም በሙሉ ድምፅ የተወሰነ። ኋላ ሲመረመር ሁሉም የተጻፈው አንድ ሆቴል ውስጥ፣ በአንድ ሰው ሆኖ ተገኘ። ወረዳዎቹ ያደረጉት ነገር ቢኖር ማጨብጨብ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ አንቀጽ ተጨመረ፦ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ቢያንስ አንድ አባል ስለ ተከሳሹ ቆሞ ይከራከር፤ ክርክሩም ከልቡ ይሁን።

ከልቡ መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው ሰሚ ነው። ሰሚ በአዳራሻችን ጣሪያ ሥር የተሰቀለ፣ የእንስራ ክዳን የሚያህል መሣሪያ ነው። ሰው ሲናገር ያዳምጥና ፍርዱን ይናገራል። ሲሳሳት አይቻለሁ ያለ አንድ ሰው ነበር፤ ሰሚ ውሸቱን ነው አለው።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሰንበሌጥ ውስጥ ስለ ፕሬዚዳንቱ ከልቡ የሚከራከር ሰው ከየት ይምጣ?

ዝናብ በድልድል መሆን ከጀመረ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ድልድሉ እሑድ እሑድ ጠዋት በወረዳው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይወጣል። የእኛ ላለፉት ሦስት ክረምት «ሰንበሌጥ፦ የለም» ይላል። ደመናው ግን በላያችን ያልፋል። ረቡዕና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነጂዎቹ፣ እንደ ንብ የሚጮሁት ትንንሽ በራሪዎች፣ ከበው እየገፉ ወደ ታች፣ ወደ ጋራሌ ወረዳ ይወስዱታል። ጥላው ሲያልፍ ሰው ሁሉ ችግኙን ከቤት ያወጣል፤ ከፀሐይ ሩብ ሰዓት ያርፋል ብሎ ነው። ወደ ላይ ማየት ግን ነውር ሆኗል። በጎረቤት ገበታ ላይ ዓይን እንደ መጣል ነው። ልጅ ቀና ካለ እናቱ «ዓይንህን ሰብስብ!» ትለዋለች።

ለአንድ ቤት በቀን አሥራ አንድ ሊትር ውሃ በካርድ ይታደላል። ሼኹ ለሶላት በአፈር ተየሙም ማድረግ ከጀመሩ ሦስት ዓመታቸው። ቄሱ ክርስትና የሚያነሡት በአንድ ኩባያ ነው። የዝናብ ጸሎት ጊዜ ሲደርስ ሁለቱ ተገናኝተው ተመካከሩ፤ ዝናቡ ያለው በሰው እጅ ከሆነ ፈጣሪን ምን ብለን እንለምነው ተባባሉ። መጨረሻ ላይ «ለያዘው ሰው ልብ ስጠው» ብለው እንዲለምኑ ተስማሙ። ሕዝቡ «አሚን» አለ። ልብ ግን አልመጣም።

ፕሬዚዳንቱ የአንዲትን ወረዳ ዝናብ ወደ ሌላ ማዞር የሚችሉት ለአንድ ክረምት ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ፓርላማውን ማስፈቀድ አለባቸው። የእኛን ሦስት ክረምት ወሰዱ፤ አንድ ቀን አላስፈቀዱም። የሌሎቹም ወረዳዎች ክስ ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል። አራት ክረምት ያለ ዝናብ የቆየች ወረዳ ደግሞ ትታጠፋለች። መታጠፍ የመንግሥት ቃል ነው፤ ስሟ ከመዝገብ ይፋቃል፣ ሕዝቧ አውቶብስ ላይ ተጭኖ እንደ ዕጣው ይበተናል ማለት ነው። የእኛ አራተኛው ክረምት ይኸው ገባ። አቤቱታዋ የተመዘገበላት ወረዳ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አትታጠፍም። ፓርላማው አቤቱታ መቀበል የሚያቆመው ሰኔ 30 ነው፤ ሁለቴ የተመለሰ አቤቱታ ደግሞ ሦስተኛ አይቀበሉትም።

አራት ቀን ነበረን።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ፤ ሌላ የሚነግራችሁ የለም።

ልጄ ትርንጎ ጋራሌ ነው ያገባችው። ይህን ወረዳው ሁሉ ያውቃል፤ ዝናባችን ወደዚያ ሲሄድ አንድ ሰው እንኳ አንስቶብኝ አያውቅም። የወሎ ሰው እንዲህ ነው፤ ሊነካሽ ሲችል ያልፍሻል። የማያውቁት ግን ሌላ ነው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሲሄዱ የመዝገብ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ የግንቦት 2088ን ቃለ ጉባኤ አወጣሁ። አሥራ ሰባት አጀንዳ። አሥራ አንደኛው «ከጋራሌ ጋር የትብብር ስምምነት» ይላል። ከሥሩ በእኔ እጅ ጽሕፈት «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ተብሏል። አባሪው ወረቀት ላይ ያለውን ደግሞ ሳላየው በቃሌ አውቀዋለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ!

ይህ ወረቀት ለፕሬዚዳንቱ ከማንኛውም ጠበቃ ይሻላቸዋል። እኔ ዝም ካልኩ ማንም አያወጣውም፤ ምሥጢሬም ተደብቆ ይቀራል፣ የልጄም ዝናብ ይቀጥላል፣ ሰንበሌጥ ግን በመስከረም ትታጠፋለች። ከተናገርኩ አቤቱታው ይመዘገባል፤ እኔ ደግሞ በሰፈሬ የምቆምበት መሬት አይኖረኝም፤ ነገ ፓርላማው ከፈረደልን ዝናቡ ከልጄ ማሳ ላይ ይነሣል። ዝም ማለት ለእኔ በሁሉም በኩል ይሻለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ሁለት ቀን ዝምታን መርጬ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ለትርንጎ ደወልኩላት።

«አዝመራው እንዴት ነው?»

«ደህና ነው እማዬ። ጭቃው ነው ያስቸገረን፤ በሬዎቹ እየተያዙብን።»

ጭቃ! ጭቃ ካየሁ ስንት ጊዜዬ። ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«ዝም ብትዪስ?» አለችኝ። «ማን ያውቅብሻል?»

«ማንም አያውቅብኝም።»

«ያኔ እኔ ለምኜሽ ነበር እንዴ?»

«አልለመንሽኝም። እሱ እኮ ነው የከፋው፤ ሳትለምኚኝ ነው ያደረግሁት።»

«እትዬ ዘይነባ እንዴት ናት?» አለችኝ። ዘይነባ ጎረቤታችንና የምክር ቤቱ አባል ናት፤ እኔ ስብሰባ ስውል ትርንጎን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት።

«አለች» አልኳት።

«እንግዲህ እንደ ልብሽ አድርጊ፣ እማዬ» ብላ ዘጋችው። የቁጣ አልነበረም። ስታለቅስ ድምፅዋ እንደሚወፍር አውቃለሁ።

ሰኔ 28 ጠዋት ተሰበሰብን። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። አያ ይመር ክሱን አነበቡና «ስለ ፕሬዚዳንቱ የሚከራከር?» ብለው ጠየቁ።

አስናቀው ተነሣ። አስናቀው ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ንግግር ይችላል፤ በወረዳችን የተመረቀ ነገር ሁሉ በእሱ ንግግር ነው የተመረቀው። በዋዜማው ማምሻ አባላቱ ተመካክረው መርጠውታል። ጉሮሮውን ጠርጎ «ባለ ራእዩ፣ አርቆ አሳቢው መሪያችን» ብሎ ጀመረ።

«ከልብ አልሆነም» አለ ሰሚ።

«ገና መቼ ጀመርኩ?»

«ቀጥል።»

ቀጠለ። መንገድ ሠሩ፣ ትምህርት ቤት ሠሩ፣ በወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል አለ። ሰሚ በየመሃሉ «ከልብ አልሆነም» ይለዋል፣ እንደ ሰዓት ደወል። አራተኛው ላይ አዳራሹ መሳቅ ጀመረ፤ አስናቀው ራሱ ላቡን እየጠረገ ሳቀና ተቀመጠ። ሳቁ ግን ወዲያው ጠፋ። ሰው ሁሉ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ።

አያ ይመር ራሳቸው ተነሡ። «ሰው በሌለበት አይታማም» አሉ። «እሳቸውም የሰው ልጅ ናቸው፤ እናት ወልዳቸዋለች። በዚህ ዕድሜያቸው ከሥልጣን ወርደው አንገታቸውን ደፍተው ሲሄዱ ማየት ያሳዝነኛል። ወላሂ ያሳዝነኛል።»

«ከልብ ነው» አለ ሰሚ። «ነገር ግን ክርክር አይደለም፤ ሐዘኔታ ነው።»

ከዚያ በኋላ የተነሣ የለም። አያ ይመር ሁለተኛ ጠየቁ። ዘይነባ ከጎኔ ነበረች፤ ሁልጊዜ ከጎኔ ነው የምትቀመጠው። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ እየመለሰች በለሆሳስ «አለቀልን በቃ፣ የውቤ» አለችኝ።

ተነሣሁ።

«እኔ እከራከራለሁ» አልኩ።

አያ ይመር ውሃ ልቅዳ ብዬ የተነሣሁ መስሏቸው ነበር። «አንቺ ከተናገርሽ ማን ይጽፋል?» አሉኝ። ሕጉ ቃለ ጉባኤ በሰው እጅ ይጻፍ ይላል፤ ሰሚ አይበቃም። እስክሪብቶውን ለዘይነባ ሰጠኋት።

«እኔ? እጄ ቀርፋፋ ነው እኮ» አለች።

«ቀስ ብዬ እናገራለሁ።»

ቀስ ብዬ ተናገርኩ። ከዚህ በታች ያለው እሷ የጻፈችው ነው፤ አልጨመርኩበትም።

«ፕሬዚዳንቱ ዝናባችንን አልሰረቁንም። ሰጥተናቸው ነው የወሰዱት። ግንቦት 2088 አሥራ አንደኛው አጀንዳ የጋራሌ ትብብር ነበር። አያ ይመር አንብበው ሳይጨርሱ አጨበጨብን። ወረቀቱ ይኸውና። ‹የሰንበሌጥ ወረዳ የክረምት ዝናቧን፣ ሌላ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ፣ ለጋራሌ ወረዳ ፈቅዳለች› ይላል። ለአንድ ክረምት አይልም። ሁላችንም ፈርመንበታል።

«ያኔ ጋራሌ ሰው እየሞተ ነበር። በአንድ ቀን አሥር ቀብር የዋለበት ጊዜ ነበር። እኔ በፕሬዚዳንቱ ቦታ ብሆን ያን ዝናብ አዞር ነበር። የፈቀደ ወረዳ በእጄ ካለ፣ ፊርማ በእጄ ካለ፣ በሁለተኛው ዓመት ተመልሼ ማንን እጠይቃለሁ? ሰንበሌጥስ ተመልሳ መቼ ጠየቀች? ሦስት ዓመት አጉረመረምን እንጂ አንድ ደብዳቤ አልጻፍንም። የደብዳቤ ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፤ አውቃለሁ።

«እናንተ ወረቀቱን አላነበባችሁትም። እኔ አንብቤዋለሁ። ያባዛሁት እኔ ነኝ። ‹እስኪሰጥ ድረስ› የሚለው ላይ ዓይኔ አርፏል። እጄን አውጥቼ ይሄ ቃል ይስተካከል ብል በአንድ ደቂቃ ይስተካከል ነበር። የትርንጎ ትንሹ ልጅ በረሃብ አብጦ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ዝናቡ እዚያ እንዲቆይ ፈለግሁ። ዝም አልኩ። ፕሬዚዳንቱ ጥፋተኛ ከሆኑ እኔም ጥፋተኛ ነኝ፤ ብቻቸውን አይደሉም።»

ዘይነባ ሦስት ጊዜ «ቆይ፣ እጄ አልደረሰም» አለችኝ። ሦስት ጊዜ ቆሜ ጠበቅኋት። የትርንጎን ልጅ ሳነሣ እስክሪብቶዋ አንዴ ቆመ፤ ከዚያ ጻፈች።

«ከልብ ነው» አለ ሰሚ። «ክርክር ነው። ተመዝግቧል።»

ከዚያ አስናቀው ብድግ አለ። «አንቺ ሴትዮ!» አለ። «ገደልሽን እኮ! ሦስት ዓመት ሙሉ ከእኛ ጋር ወረፋ ቆመሽ፣ ከእኛ ጋር ረግመሽ! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት አንቺ አይደለሽ?»

እውነቱን ነው።

ዘይነባ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ሰባት ከብት ነበራት፣ አንድም አልቀረላት። እሱስ ይሁን። አምና በነሐሴ የልጇ ልጅ፣ የስምንት ወሯ ሀያት፣ የጉድጓድ ውሃ ጠጥታ በተቅማጥ ሞታባታለች። የገነዝናት አብረን ነን።

ወደ እኔ ዞራ አላየችኝም። ወደ ወረቀቱ እያየች ነው የጠየቀችኝ።

«ትርንጎ ስንት ልጅ አላት አሁን?»

«ሦስት።»

«ሁሉም አሉ?»

«አሉ።»

«ያ ሆስፒታል የተኛውስ?»

«እሱም አለ። ሊማር ነው ዘንድሮ።»

ራሷን ነቀነቀች። «ይኑሩልሽ» አለች። «ያሳድግልሽ።» ቀጥላ ወደ አያ ይመር ቀና አለች። «እኔ ግን ሰኔ 20 ያወጣሁትን እጄን አላወርድም። ሰጠነው፤ እሺ። ለእንግዳ መኝታ ለቀቅሁ ማለት ቤቴን ሰጠሁ ማለት ነው እንዴ? ሕጉ አስፈቅድ ይለዋል፤ አላስፈቀደም። ልጅ እዚህም ይሞታል። ይጠየቅ።»

ድምፅ ተሰጠ። አሥራ አምስት እጅ ወጣ። ስድስት ሰው አላወጣም፤ አንዱ አስናቀው ነበር። አያ ይመር ምክንያቱን ሲጠይቁት «ካጨበጨብኩ አጨበጨብኩ ነው» አለ። «ያላነበብኩትን ፈርሜ፣ አሁን ሌላውን ለመክሰስ ምን ዓይን አለኝ?» ብሎ ተቀመጠ። እኔ ላይ አልጮኸም ከዚያ በኋላ።

ከአሥራ አምስቱ አንዱ የእኔ እጅ ነበር።

«ተሟጋቿ ክሱን ደግፋለች» አለ ሰሚ። «ስሕተት ነው?»

«አይደለም።»

«ምክንያት?»

«ሕጉ ምክንያት አይጠይቅም» አልኩት። ሃያ ስድስት ዓመት ቃለ ጉባኤ የጻፈ ሰው ለዕቃ ምክንያት አይሰጥም። ለእናንተ ግን እነግራችኋለሁ፦ የተናገርኩት እውነት ነው፣ ዘይነባ ያለችውም እውነት ነው፤ ሁለቱን መዝነን የምንለይበት ቦታ ፓርላማው ካልሆነ የት ነው?

ዘይነባ «አሥራ አምስት ለስድስት» ብላ ጻፈች። በወረዳችን ታሪክ እንዲህ ተጽፎ አያውቅም። ማንም አላጨበጨበም። በማግሥቱ መዝገብ ቁጥር መጣልን፤ ሰኔ 30 ማታ በአገሪቱ የተመዘገበው አቤቱታ ሦስት መቶ ሃምሳ አንድ ሆነ። ክሱ ይሰማል ማለት ነው። ሰንበሌጥም እስከዚያ አትታጠፍም።

ከቁጥሩ ሥር አንድ ሌላ ትእዛዝ ነበር። ተሟጋቿ ሐምሌ 12 ቀን ፓርላማው ፊት በአካል ቀርባ ክርክሯን ታሰማ ይላል። እንግዲህ የፕሬዚዳንቱ ጠበቆች የሚጠሩኝ ምስክራቸው እኔ ልሆን ነው፤ ወረቀቱን ይዤ፣ በገዛ ወረዳዬ ላይ።

በእነዚያ ቀናት ሰው ሰላምታ አልከለከለኝም። «እንደምን አደርሽ» ይሉኛል፣ «ደህና» እላለሁ፣ ያልፋሉ። ድሮ «ልጆቹስ? ትርንጎስ?» ይሉኝ ነበር፤ እሱ ቀረ። ውሃ ወረፋ ላይ ከፊቴ ያለው ሰው ዞሮ አያወራኝም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ አልደነደንኩም፤ በጣም ነው የከበደኝ። ዘይነባ ደግሞ ቤቷን ዘግታ ከረመች። አጥር ለአጥር ነን፤ ሳሏ ይሰማኛል፤ አልሄድኩም፣ አልመጣችም።

ሐምሌ 10 ጠዋት አውቶብስ መናኸሪያ ብቻዬን ሄድኩ። አንዲት ቦርሳና መዝገቡን ይዣለሁ።

እዚያ ስደርስ ቆመው አገኘኋቸው። አያ ይመር፣ ዘይነባ፣ ከውሃ ወረፋ የማውቃቸው አራት አምስት ሴቶች። አስናቀውም ከኋላ ቆሟል፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። አገራችን ለሙግት ወደ ሩቅ ለሚሄድ ሰው ስንቅ ያዋጣል፤ ከጥንትም እንዲሁ ነው። ነገር ግን ለገዛ ጠበቃው እንጂ ለባላጋራው ጠበቃ ስንቅ የቋጠረ አገር ሰምቼ አላውቅም። በሶ ቋጥረዋል፣ ቆሎ ቋጥረዋል። ዘይነባ አንድ ጀሪካን ውሃ ይዛለች።

«ከስድስት ቤት ነው» አለችኝ። «መንገዱ ሁለት ቀን ነው። እዚያ ስትደርሺ ጉሮሮሽ ደርቆ መናገር ቢያቅትሽስ?»

«ዘይነባ፣ የምናገረው እኮ ለእሳቸው ነው።»

«አውቃለሁ። እኔ አይደለሁ የጻፍኩት?» አለች። «እንደዚያ ቀን ተናገሪ። ለእኛ ብለሽ አንዲት ቃል እንዳትቀንሺ። ከቀነስሽ እዚያም ሰሚ አለ፣ አቤቱታችን ይወድቃል። ደግሞም ነውር ነው።»

ጀሪካኑን ተቀበልኳት። ከብዶ ነበር። መናገር ያቃተኝ እዚያው ነው።

«ብረታስ?» አልኳት።

«ከረታሽማ ረታሽ። ያኔ እንታጠፋለን፤ ዕጣ ጠብቀን አንበተንም፣ ተያይዘን ጋራሌ ነው የምንወርድ። ዝናቡ ካለበት መሄድ ነው እንጂ ሌላ ምን አለ? ለትርንጎ ደውይላትና አሥራ አንድ ሺህ እንግዳ ይመጣብሻል፣ ግቢሽን አስፊ በያት።»

ሴቶቹ ሳቁ። አስናቀው እንኳ ሳቀ። እኔ ማልቀስ ስጀምር ዘይነባ ተቆጣችኝ። «ወዲያ! ስድስት ቤት የሰጠሽን ውሃ በዓይንሽ ልታፈሺው ነው? ግቢ፣ ሹፌሩ እየጠበቀ ነው።»

ገባሁ። ከተማዋን ለቀን ሁለት ሰዓት ያህል እንደሄድን ለትርንጎ ደወልኩላት፤ ዘይነባ ያለችውን ቃል በቃል ነገርኳት።

«ሌላውን ሰው የት እንደማደርገው እንጃ» አለችኝ። «እትዬ ዘይነባ ግን እኔ አልጋ ላይ ነው የምትተኛው። እኔ መሬት እተኛለሁ።»